ሃያኛው ቀን ላይ ትወጣለች ወይ? ከእናቷ ጋር ስለተያዘች ልጅ የተከፈተ ክር

በፈረንጆቹ 2025 መገባደጃ ላይ አንድ የሐበሻ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ያነበብኩት ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄና ከሥሩ የተደረደሩ መልሶች፣ እስካሁን ከልቤ አልወጣም። ስለ ኢሚግሬሽን እስርና ስለ ልጆች በአማርኛ እንዲህ በዝርዝር ሲወራ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው ላወራችሁ። የሰው የግል ጉዳይ ያለበት ስለሆነ የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም። 14ኛው መልስ የራሴ ነው። መሀል መሀል ላይም የራሴን ሐሳብ እጨምራለሁ።

ጥያቄውን ያነሳችው ሜሪላንድ የምትኖር የሁለት ልጆች እናት ናት። የአክስቷ ልጅ ከሁለት ዓመት በፊት ትንሽ ሴት ልጇን ይዛ በሜክሲኮ በኩል አሜሪካ ገባች። ጥገኝነት ጠይቃለች። ከኢሚግሬሽን ቀጠሮዋ አንድም ጊዜ ቀርታ አታውቅም። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ልትፈርም ወደ ኢሚግሬሽን ቢሮ ስትሄድ ልጅቷንም ከትምህርት ቤት አስቀርታ ወሰደቻት፤ ሁለታችሁም ኑ ተብለው ነበር። ሄደው አልተመለሱም። መኪናዋ ፓርኪንግ ላይ እንደቆመች ቀረች። ዘመዶች በትርፍ ቁልፍ ሲከፍቷት የኋላ ወንበሩ ላይ የልጅቷን ምሳ ዕቃ አገኙ። ውስጡ የተላጠ ብርቱካን አለ። በማግስቱ ማታ ከቴክሳስ ተደወለ፣ ዲሊ ከምትባል ትንሽ ከተማ። ጠያቂዋ ስሟን የሰማችው ያን ጊዜ ነው። ጥያቄዋ አጭር ነበር። የሰባት ዓመት ልጅ ትታሰራለች ወይ? ሰው ሁሉ ገደቡ ሃያ ቀን ነው ይላታል። ሃያኛው ቀን ላይ በሩ ይከፈታል ማለት ነው?

1ኛው መልስ ማጽናኛ ነው። እመብርሃን ትከተላቸው የሚል፣ ከልብ የመጣ። 2ኛው ደግሞ ሃያ ቀን ሕግ እንደሆነ፣ 21ኛው ቀን ላይ የግድ እንደሚለቀቁ ነግሮ አረጋጋት። ቀና ሰው ነው። ግን ተሳስቷል። እኔ እንዲህ ዓይነቱን ማጽናኛ እፈራዋለሁ። ሰው ሃያ ቀን ጥርሱን ነክሶ ይቆጥርና 21ኛው ቀን ላይ ይሰበራል።

3ኛውን መልስ የጻፈችው ጠበቃ ቢሮ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት። ጠበቃ እንዳልሆነች ቀድማ ተናገረች። ያስረዳችው ግን ገንዘብ ከፍዬ ከሰማሁት ሁሉ ይበልጣል።

ነገሩ የሚጀምረው በ1985 ነው። ጄኒ ፍሎሬስ የምትባል የ15 ዓመት ልጅ ከኤልሳልቫዶር ጦርነት ሸሽታ ስትመጣ ተያዘች። ካሊፎርኒያ ውስጥ ድሮ ሞቴል የነበረ፣ ዙሪያው በሽቦ የታጠረ ቤት አስገቧት፤ ከማታውቃቸው አዋቂዎች ጋር። ልብሷን አስወልቀው ይፈትሿት ነበር። ዘመድ ልውሰዳት ቢል፣ መንግሥት ከወላጅ ወይም ከሕጋዊ አሳዳጊ ውጭ ለማንም አልሰጥም አለ። ጠበቆች በስሟ ከሰሱ። በ1993 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመንግሥት ፈረደ። ስለ አያያዙ የነበረው ክርክር ግን ቀጠለ፤ በ1997 ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ፈረሙ። የፍሎሬስ ስምምነት የሚባለው ያ ነው። መንግሥት ልጅን ያለ አላስፈላጊ መዘግየት እንዲለቅ ይጠይቃል። እስኪለቀው ድረስም ንጹሕ፣ ደኅንነቱ የተጠበቀና ለሕፃናት ማቆያነት ፈቃድ ባለው ቤት እንዲያኖረው ያስገድዳል።

ሃያ ቀን የሚል ቃል በስምምነቱ ውስጥ የለም። ይህን ሳነብ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ቁጥሩ የመጣው በ2015 ነው። መንግሥት እናቶችን ከነልጆቻቸው ለወራት ያቆይ ነበር። ሎስ አንጀለስ ያሉት ዳኛ ዶሊ ጂ ይህ ስምምነቱን ይጥሳል ብለው ወሰኑ። መንግሥት በበኩሉ ሰው ሲበዛ አጣርቶ ለመጨረስ 20 ቀን ያህል እንደሚፈጅበት ተናግሮ ነበር። ዳኛዋም በዚያ ዓይነት ወቅት ያን ያህል መቆየቱ ስምምነቱን ላይጥስ እንደሚችል ጻፉ። በቃ፣ ቁጥሩ ከዚያ መጣ። ሲሞላ በሩን የሚከፍት ሰዓት አይደለም። መንግሥት ሲያልፈው የሚጠየቅበት መለኪያ ነው። በ2025ም ከ20 ቀን በላይ የቆዩ ልጆች እንዳሉ ለዚያው ፍርድ ቤት በቀረቡ ሰነዶች ላይ ሰፍሯል። ሴትዮዋ ምክሯን በአንድ መስመር ጨረሰች። የተያዙበትን ቀንና ሰዓት ጻፊ፣ በየቀኑ ቁጠሪ፣ የተጻፈውን ለጠበቃው ስጪ የሚል ነበር።

4ኛው መላሽ ዲሊ እስር ቤት ሳይሆን የቤተሰብ ማቆያ እንደሆነ፣ መማሪያ ክፍልና መጫወቻ እንዳለው ዜና ላይ ማየቱን ጻፈ። 5ኛዋ ወዲያው መለሰችለት። ወጥቶ ሱቅ መሄድ የማይቻልበት ቦታ፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን፣ እስር ነው አለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ዲሊ 2,400 ሰው እንዲይዝ የተሠራ ነው፤ የሚያስተዳድረውም የእስር ቤት ንግድ ያለው የግል ኩባንያ ነው።

ከ6 እስከ 9 ያሉት ወደ ፖለቲካ ነጎዱ። 6ኛው ሁሉንም በትራምፕ ላይ አወረደው፤ በ2018 ድንበር ላይ ልጆችን ከወላጆቻቸው ነጥለው እንደነበር አስታወሰ። በዚያ አስተዳደር የተነጠሉት ከ5,000 በላይ ናቸው። ሳንዲዬጎ ያሉ ዳኛ፣ ዳና ሳብሮ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመለሱ አዘዙ፤ ብዙዎቹ ግን ዓመታት ፈጀባቸው። 7ኛው ተቆጣ። ዲሊን በ2014 የከፈተው ኦባማ ነው አለ። እውነቱን ነው። በዚያ ዓመት ከመካከለኛው አሜሪካ ብዙ እናቶች ሲመጡ፣ መንግሥት ሌሎች እንዳይመጡ መቀጣጫ ይሆናል ብሎ በግልጽ ይናገር ነበር። አንድ የዋሽንግተን ዳኛ በ2015 አንዱን ሰው አስሮ ሌላውን ማስፈራራት አይቻልም ብለው አገዱት። 8ኛው የቡሽን ዘመን አመጣ። ቴክሳስ ውስጥ ቴይለር ከተማ የሚገኘው ሀቶ የሚባለው ማቆያ በ2006 ቤተሰብ መያዝ ሲጀምር የድሮ እስር ቤት ነበር፤ ልጆቹም የእስረኛ ልብስ ይለብሱ ነበር። ክስ ተመሠረተ፣ በ2009 ቤተሰብ መያዙ ቀረ። 9ኛው ደግሞ ባይደን በ2021 የቤተሰብ እስርን አቁሞ እንደነበርና በ2025 ዲሊ እንደገና እንደተከፈተ ጨመረ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ኮንግረስ ለኢሚግሬሽን ማቆያዎች 45 ቢሊዮን ዶላር መደበ።

መሰዳደብ ሲጀመር አወያዩ ሁለት መልስ አጠፋ። እኔ ግን አራቱን መልሶች ደጋግሜ አነበብኳቸው። ቀኖቹን በቅደም ተከተል ስታስቀምጧቸው፣ ያው ዓይነት በር አንዴ ይዘጋል አንዴ ይከፈታል። የሚለዋወጠው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ሁሉም ባሉበት ጊዜ ሳይነቃነቅ የቆየው በአንዲት የ15 ዓመት ልጅ ስም የተፈረመው ወረቀት ነው። በ2025ም መንግሥት ስምምነቱ ይቅር ብሎ ጠየቀ፤ ዳኛ ጂ ነሐሴ ላይ አይሆንም አሉ።

10ኛው መልስ ክሩን አመሰው። ሰውየው ሕፃን ይዛ በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪዬን ጫካ የምታቋርጥ እናት ራሷ ናት ተጠያቂዋ አለ፤ እሱ ዲቪ ደርሶት በሕጋዊ መንገድ እንደመጣም ጨመረ። 11ኛዋ አልማረችውም። ሎተሪ የደረሰው ሰው ሎተሪ ባልደረሰው ላይ ይፈርዳል ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ከዚያ የጻፈችውን ግን እዚህ መድገም አልፈልግም። እኔ የሰውየውን ፍርሃት ይገባኛል፤ ልጅ በዚያ ጫካ ሲያልፍ ማሰቡ ራሱ ያማል። ግን እናትየዋ ብታጠፋ እንኳ የሰባት ዓመት ልጅ ምን አጠፋች? ለዚህ መልስ አልሰጠም።

12ኛዋ የሕፃናት ነርስ ናት። ድምጿ ረጋ ያለ ነው፤ ክሩን ያበረደችው እሷ ናት። ከማቆያ የወጣ የሦስት ዓመት ልጅ ሆስፒታላቸው እንደመጣ ጻፈች። ምንም ስብራት የለው፣ ትኩሳት የለው። ኪሎው ግን ቀንሷል፤ መናገር ጀምሮ የነበረውም ትቷል። እናቱ ከአጠገቡ ተነስታ ሽንት ቤት ስትገባ በሩ ሥር ተኝቶ በስንጥቁ ጣቶቹን ያስገባ ነበር። ነርሷ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2017 ያወጣውን አቋም አነሳች። ልጅን ለአጭር ጊዜም ቢሆን ማሰር ጉዳት የለውም የሚል ምንም ማስረጃ የለም ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብት ኮሚቴም በዚያው ዓመት ልጅ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ጨርሶ መታሰር የለበትም ብሏል። ችግሩ አሜሪካ የሕፃናት መብት ስምምነቱን በ1995 ፈርማ እስከዛሬ አላጸደቀችውም።

13ኛዋ ከሳዑዲ የተመለሰች ሴት ናት። አሜሪካን አላውቅም፣ ተርሒልን፣ የሳዑዲን የስደተኞች ማቆያ፣ ግን አውቃለሁ ብላ ጀመረች። ከሁለት ዓመት ወንድ ልጇ ጋር ጂዳ አጠገብ ባለ ተርሒል ለወራት ተይዛ ነበር። አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ የቤታቸው በር ሲንኳኳ ልጁ ሮጦ ግድግዳ ተጠግቶ ይቆም ነበር አለች። ሊቆጠር። እንግዳው ገብቶ እስኪቀመጥ ድረስ አይነቃነቅም። ከዚህ በላይ አልጻፈችም። ከሥሩም ማንም ምንም አልጻፈም፣ ለአንድ ቀን ያህል።

ከዚያ 14ኛውን እኔ ጻፍኩ። ከጥያቄው ትንሽ ይወጣል፤ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

በስልክ አስተርጓሚነት እሠራ ነበር። በ2023 ኅዳር አካባቢ አንድ ሌሊት ከድንበር ተደወለ። መኮንኑ አንድ ሐበሻ ልጅ እንደያዘ፣ ዕድሜውን እንደሚዋሽ ነገረኝ። ወረቀቱ ላይ የተወለደው 1999 ተብሎ ተጽፏል፤ 24 ዓመት መሆኑ ነው። ልጁ ግን 16 ነኝ ይላል። መቼ እንደተወለደ ጠየቅኩት። ሐምሌ 1999 አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። በእኛ ሐምሌ 1999 በእነሱ 2007 ነው። ቀድሞ የጠየቀው ሰው ቁጥሩን እንዳለ ጽፎት ነበር። በዚያ ቁጥር ምክንያት ልጁ አራት ሌሊት ከአዋቂ ወንዶች ጋር አድሯል።

ለመኮንኑ የዘመን አቆጣጠራችን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሆነ፣ የዓመቱ መጀመሪያም መስከረም እንደሆነ አስረዳሁት። ቆይ አለኝና ስልኩን አስቀመጠው። መስመሩ ክፍት ነው። ከጀርባ እንደ ፎይል የሚያብረቀርቁት ብርድ ልብሶች ሲንኮሻኮሹ ይሰማኛል፤ ሰው ሲገላበጥ። ልጁ በዚያ መሀል አሁን ሌሊት ነው ቀን ብሎ ጠየቀኝ። መብራቱ ጠፍቶ አያውቅም። ስምንት ሰዓት ነው አልኩት። በእኛ ነው በእነሱ አለኝ። በእኛ፣ ሌሊት ነው፣ ተኛ አልኩት። መኮንኑ ተመልሶ አመሰገነኝና ዘጋው።

ለዚህ ነው ክሩ ላይ የለመንኳቸው። ልጅ ያላችሁ፣ ዘመዳችሁ መንገድ ላይ ያለ፣ የልደቱን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ ላኩለት። ወሩን በቁጥር አትጻፉ፤ ሐምሌ 11ኛ ወር ስለሆነ ኖቬምበር አድርገው ይጽፉታል። ብቻውን የመጣ ልጅ ከ18 በታች መሆኑ ከታወቀ በ2008 በወጣው ሕግ መሠረት በ72 ሰዓት ውስጥ ከድንበር ጠባቂዎች እጅ ወጥቶ ወደ ልጆች ማቆያ መተላለፍ አለበት። አዋቂ ነው ከተባለ ግን ይህ ሁሉ ይቀርበታል።

15ኛው መላሽ ዴንቨር የሚኖር አጎት ነው። የእህቱ ልጅ ላይ ይኸው ደርሷል፤ የጥርስና የእጅ አንጓ ኤክስሬይ አንስተው አዋቂ ነው አሉት። ያው የ2008 ሕግ ኤክስሬይ ብቻውን መወሰኛ መሆን እንደሌለበት ይናገራል፤ ይህን የነገረችው 3ኛዋ መላሽ ናት፣ ተመልሳ መጥታ። 16ኛው ደግሞ ምን ማስረጃ እንደረዳው ጻፈ። የልደት ካርድ ብዙ ልጅ የለውም። የእሱን ወንድም ያወጣው የክትባት ካርዱ ነው። እናቱ ጎንደር ከቁም ሣጥን አውጥታ በቴሌግራም ፎቶውን ላከችው፤ የጤና ጣቢያው ማኅተም ግማሹ ለቋል፣ የቢሲጂው ቀን ግን ይነበባል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው የትርጉም ቢሮ ዋጋ ጠየቀ። ሌላው ጠበቃ ነኝ ብሎ ስለበላው ሰው አወራ። 17ኛው መልስ ይኸው ነው፤ በነገሩ ተገቢ ነበር ግን ሰባት ሰው ገብቶበት ክሩ ሌላ ክር ሆነ። አወያዩ ወደ ርዕሱ መለሳቸው።

18ኛዋ ራሷ ጠያቂዋ ናት። ቀን 17 ብላ ጀመረች። የአክስቷ ልጅ ደውላ ነበር። ልጅቷ የማቆያውን ምግብ አልበላ ብላለች፤ ከሱቁ የሚገዛ ደረቅ ኑድል ብቻ ነው የምትቀምሰው። እናቷ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ልጅቷን ብቻዋን ቢለቁልኝ ትወስጃታለሽ ወይ? ጠያቂዋ ምን ልመልስ ብላ መድረኩን ጠየቀች።

19ኛው ውሰጃት፣ አንድ ቀንም አትደር አለ። 20ኛዋ በፍጹም አለች። እሷ ራሷ በልጅነቷ ከእናቷ ተለይታ ነበር ያደገችው፤ የእናቷ እጅ እያለላት እስር ቤትም ቢሆን አብራት ትሁን ብላ ጻፈች። 10ኛው ሰውዬም ተመለሰ፣ በዚህ ጊዜ ቃናው ሌላ ነው። እሱም የሰባት ዓመት ልጅ እንዳለው፣ ማታ ሲያስተኛት ይህን ክር እያሰበ እንደነበር ጻፈ። ይቅርታ አልጠየቀም። ግን ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ከተሰበሰበ መቶ ዶላር አለኝ አለ። ይህ 21ኛው መልስ ነው።

22ኛዋ እንደገና የጠበቃ ቢሮዋ ሴት ናት። ጥያቄው ከየት እንደመጣ አስረዳች። በ2016 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የፍሎሬስ ስምምነት ከወላጅ ጋር የመጡ ልጆችንም ይሸፍናል አለ። ወላጅን ልቀቁ ግን አይልም። የመለቀቅ መብቱ የልጅቷ ነው፣ እናትየዋን አይጨምርም። ስለዚህ እናት ሁለት መጥፎ ምርጫ ይቀርብላታል። ወይ ልጇን ትሰጣለች፣ ወይ የልጇን መብት ትታ አብራት ታስራ ታቆያታለች። እኔ ከዚህ ክር ሁሉ በጣም የከበደኝ ይህ ነው። ሕጉ ልጅቷን ሊጠብቃት ወጣ፤ እናቷን ሳይጠቅስ ቀረ፣ በዚያች ክፍተት መንግሥት ገባባት። ይህን ምርጫ ለአንዲት እናት በስልክ ማቅረብ በራሱ ግፍ ነው። ሴትዮዋ ጠያቂዋን ምንም ነገር እንዳትፈርም ለእናቲቱ ንገሪያት፣ ጠበቃው መጀመሪያ ሁለቱንም በአንድ ላይ እንዲለቁ ይጠይቅ አለቻት።

23ኛው የሒሳብ ሰው ነው፣ አጻጻፉም እንደዚያው። ሌላ መንገድ ተሞክሮ እንደነበር አመጣ። ከ2016 መጀመሪያ እስከ 2017 አጋማሽ የቤተሰብ ጉዳይ ክትትል የሚባል ፕሮግራም ነበር። ከተሞቹ ውስጥ ዋሽንግተንና ባልቲሞር ነበሩበት፤ እኛው ሰፈር ማለት ነው። ቤተሰቡ ቤቱ ይኖራል፣ ሠራተኛ ይመደብለታል፣ ጠበቃ እንዲያገኝና ቀጠሮውን እንዳይረሳ ያግዘዋል። 99 ከመቶ የሚሆኑት በቀጠሯቸው ተገኝተዋል። ለአንድ ቤተሰብ በቀን 36 ዶላር ገደማ ነበር ወጪው። የቤተሰብ ማቆያ ደግሞ ያኔ ለአንድ ሰው በቀን ከ300 ዶላር በላይ ይፈጅ ነበር። ፕሮግራሙን ዘጉት። ሰውየው ለምን እንደሆነ አልገመተም፣ ቁጥሮቹን አስቀምጦ ወጣ። እኔ ግን እላለሁ፤ ሰው እንዳይጠፋ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሚታሰበው ያን ፕሮግራም አይዘጉትም ነበር።

ከዚያ ለአሥር ቀን ያህል ክሩ ጸጥ አለ። አንድ ሁለት ሰው ምን ደረሰ እያለ ጠየቀ።

26ኛው መልስ የጠያቂዋ ነው። ተለቀዋል፣ ሁለቱም፣ በ26ኛው ቀን። ጠበቃው ቀኖቹን የቆጠሩበትን ወረቀት ከማመልከቻው ጋር አያይዞት ነበር። እናትየዋ እግሯ ላይ መከታተያ ታስሮባታል። ማታ ማታ ግድግዳው አጠገብ ወንበር ስባ ቻርጅ ታደርገዋለች፣ ልጅቷም ሶኬቱን ይዛላት አብራ ትቀመጣለች። ሰኞ ትምህርት ቤት ልትመለስ ነው።

ከሥሩ አንድ አዲስ ሰው ገባ። ወንድሙ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሊፈርም ሄዶ ትናንት እንዳልተመለሰ፣ የጠበቃውን ስልክ እንደሚፈልግ ጻፈ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ መለሰችለት። ኢንቦክስ አድርጋለታለች፤ የተያዙበትን ሰዓትም እንዲጽፍ ነገረችው።